ተሸናፊ ቀድሞ ሲመርጥ

ስፖርት ባለበት አገር ሁሉ አሸናፊ ይሸለማል፣ ተሸናፊ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። በአሜሪካ ፉትቦል ግን በዓመት አንድ ጊዜ ይህ ሥርዓት ይገለበጣል። ባለፈው የውድድር ዘመን ከሁሉ የባሰ ውጤት ያስመዘገበው ክለብ በቅድሚያ ይጠራና ከየኮሌጁ ከሚወጡት ወጣቶች መካከል የወደደውን ተጫዋች ይመርጣል። ከእሱ በጥቂቱ የሚሻለው ይከተላል፤ ሻምፒዮኑ መጨረሻ ላይ ይደርሰዋል። አንዱ ዙር ሲያልቅ ሌላው ይጀመራል፤ ዛሬ ምርጫው ሰባት ዙር አለው። ስሙም ድራፍት ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ ቃል ሲነሣ ትዝ የሚለው አረፋው ከአፉ የሚፈስ ብርጭቆ ነው፤ በዲትሮይት ወይም በፊላዴልፊያ ግን ድራፍት ሲባል ሰው ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ ክርክር ይገባል።

የእንግሊዝን ሊግ እየተከታተለ ላደገ የምሥራቅ አፍሪካ አንባቢ ነገሩ እንግዳ መምሰሉ አይቀርም። በእንግሊዝ ገንዘብ ያለው ይገዛል፣ የሌለው ይሸጣል፤ ደጋፊውም የሚያማው ባለሀብቱን ነው። በአሜሪካ ግን ወጣቱ ተጫዋች በገንዘብ ብዛት አይወሰድም፤ ተራው የደረሰው ክለብ ስሙን ሲጠራ የእሱ ይሆናል። ስለዚህ የደጋፊው ሙግት ስለ ኪስ ሳይሆን ስለ ዐይን ነው። ማን አየ? ማን ሳያይ ቀረ? እኔ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ደመወዝ የሚከፈለው ሰው እንዴት አጣው? ይህ ጥያቄ ከ70 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያቃጥለው ዋይድ ሪሲቨር ስለሚባለው ተጫዋች ሲነሣ ነው።

በዚህ ጨዋታ ኳሷ በአብዛኛው በእጅ ትያዛለች፣ በእጅም ትወረወራለች። ወርዋሪው ኳርተርባክ ይባላል። ዋይድ ሪሲቨር ደግሞ ከሜዳው ጠርዝ ተነሥቶ በተከላካዮች መካከል ሰንጥቆ የሚሮጥና የተወረወረችውን ኳስ ከአየር ላይ የሚቀልብ ነው፤ ስለዚህ በአማርኛ ቀላቢ ቢባል ይስማማዋል። በመሀል ሜዳ ላይ እንደ በሬ የሚገፋፉትን ግዙፍ ሰዎች ሥራ ለመረዳት ዕውቀት ይጠይቃል። የቀላቢን ሥራ ግን ሕፃንም ያየዋል፤ ዘለለ፣ ያዘ፣ ሮጠ፣ አገባ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከሁሉ ተጫዋች ይልቅ ለዐይን ቅርብ የሆነው ቀላቢ፣ ከሁሉ ይልቅ ዐይንን የሚያታልልም ነው። ቁመቱ ይለካል፤ 40 ያርድ፣ ማለትም 37 ሜትር ገደማ፣ በስንት ሰከንድ እንደሚሮጥ በሰዓት ይያዛል። ነገር ግን በኮሌጅ ሜዳ ላይ ማንም ያልደረሰበት ልጅ ከበሰሉ ተከላካዮች ፊት ሲቆም ምን እንደሚሆን፣ ወርዋሪው ደካማ ቢሆንበት ምን ያህል እንደሚታይ የሚናገር መለኪያ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የድራፍትን ሐሳብ ያመነጩት የፊላዴልፊያ ኢግልስ ክለብ ባለቤት በርት ቤል ነበሩ። ሐሳቡ የመጣላቸው ከፍልስፍና ሳይሆን ከድህነት ነው። በዚያን ጊዜ ኮሌጅ የጨረሰ ተጫዋች ከፈለገው ክለብ ጋር ይዋዋል ስለነበር፣ ጎበዞቹ እንደ ቺካጎ ቤርስና ኒው ዮርክ ጃይንትስ ወዳሉት ባለስም ክለቦች ይጎርፉ ነበር። ቤል ስታን ኮስትካ የተባለውን የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ለማስፈረም ደክመው ደክመው ብሩክሊን ወሰደባቸው። በ1935 ለክለብ ባለቤቶች ስብሰባ ሐሳባቸውን አቀረቡ፤ ጠንካሮቹም ሊጉ ከፈረሰ እነሱም እንደሚፈርሱ ተረድተው ተስማሙ። የመጀመሪያው ድራፍት በፌብሩዋሪ 8 ቀን 1936 በፊላዴልፊያ በሪትዝ ካርልተን ሆቴል ተጀመረ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ጥር 30 ቀን 1928 መሆኑ ነው፤ በአምባ አራዶም የራስ ሙሉጌታ ጦር ከባዶሊዮ ሠራዊት ጋር ሊገጥም ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። በዚያ ሆቴል ውስጥ ግን 90 ስሞች በሰሌዳ ላይ ተጽፈው ዘጠኝ ክለቦች በየተራ ይመርጡ ነበር። ተመልካች አልነበረም፤ መልማይ የሚባል ሠራተኛም ገና አልተፈጠረም፤ የብዙዎቹ ዕውቀት በጋዜጣ ከተነበበው የዘለለ አልነበረም።

የውድድር ዘመኑን በሁለት ድልና በዘጠኝ ሽንፈት የጨረሱት ቤል በፈጠሩት ሥርዓት መሠረት የመጀመሪያው መራጭ ሆኑ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲውን ጄይ በርዋንገርን ጠሩ። በርዋንገር የዚያ ዓመት ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመ ነበር። የሚገባኝ ደመወዝ ይህ አይደለም ብሎ አንድም ቀን በሊጉ ሳይጫወት የላስቲክ ስፖንጅ ሻጭ ሆነ። ቤል በዚያ ዓመት ከመረጧቸው ዘጠኝ ሰዎች አንዱም አልፈረመላቸውም። የድራፍት አባት በራሱ ድራፍት ባዶ እጁን ተመለሰ ማለት ነው።

የሚገርመው፣ የዘመናዊ ቀላቢ ሁሉ አባት የሚባለው ዶን ሃትሰን በዚህ በር አላለፈም። የአላባማው ልጅ ወደ ሊጉ የገባው በ1935፣ ድራፍት ከመጀመሩ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ከግሪን ቤይ ፓከርስም ከብሩክሊንም ጋር ውል ፈርሞ ሁለቱም በፖስታ ለሊጉ ተላኩ። የሊጉ ፕሬዚዳንት ጆ ካር የፖስታ ማኅተሙን ሰዓት አይተው ቀድሞ ለተላከው ለግሪን ቤይ እንደፈረዱ ይነገራል፤ ልዩነቱ የደቂቃዎች ብቻ ነበር ይባላል። ሃትሰን በቺካጎ ቤርስ ላይ ባስቆጠረው የ83 ያርድ ታችዳውን ጀመረ፤ በ1945 ጫማውን ሲሰቅል 99 የቅለባ ታችዳውን ነበረው። ይህን ቁጥር እስከ 1989 ድረስ የበለጠው አልተገኘም። ድራፍት አንድ ዓመት ቀድሞ ተፈጥሮ ቢሆን ኖሮ ሃትሰን ማንን ያበለጽግ ነበር የሚለው ሙግት በዊስኮንሲን ሽማግሌዎች ዘንድ ለብዙ ዘመን የወግ ማድመቂያ ሊሆን የሚችል ጉዳይ ነው፤ መልስ ስለሌለው።

ዐይን ሳያይ የሚቀረው ግን በስሕተት ብቻ አይደለም፤ ላለማየት በመፈለግም ነው። ከ1934 እስከ 1945 በዚህ ሊግ ውስጥ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረም። በድራፍት ተመርጦ በሊጉ የተጫወተው የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ዎሊ ትሪፕሌት ሲሆን፣ በ1949 በ19ኛው ዙር የመረጠው ዲትሮይት ነበር። ከሁሉ ዘግይቶ በሩን የከፈተው የዋሽንግተን ክለብ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሬድስኪንስ ይባል የነበረው፣ ከ2022 ወዲህ ኮማንደርስ የተባለው። ባለቤቱ ጆርጅ ፕሬስተን ማርሻል ጥቁር ተጫዋች ላለመቅጠር የወሰኑት በግልጽ ነበር፤ ክለባቸውን የደቡብ ክፍላተ ሀገር ነጮች ክለብ አድርገው ይሸጡት ነበርና። የዋሽንግተን ፖስቱ ሸርሊ ፖቪች በብዕራቸው ቢወጓቸውም፣ ጥቁር ነዋሪዎች ሰልፍ ቢወጡባቸውም አልተበገሩም።

የበገራቸው ሁለት ነገር ነው። አንዱ መንግሥት ነው። ክለቡ ሊጫወትበት የተዘጋጀው አዲሱ ስታዲየም በፌዴራል መሬት ላይ የተሠራ ስለነበር፣ የፕሬዚዳንት ኬኔዲ የአገር ውስጥ ሚኒስትር ስቱዋርት ዩዳል በ1961 ማርሻልን ወይ ጥቁር ተጫዋች ይቅጠሩ ወይ ስታዲየሙን ያጣሉ ብለው አስጠነቀቁ። ሁለተኛው የራሱ የድራፍት ሥርዓት ነው። ዋሽንግተን በ1961 አንድ ጊዜ ብቻ አሸንፎ 12 ጊዜ ተሸንፎ ነበር። እንዲህ ያለ ሽንፈት የመጣው በከፊል ግማሽ ያህሉን ችሎታ በፈቃዱ አላይም ካለ ዐይን ነው፤ ሽንፈቱ ደግሞ የመጀመሪያውን ምርጫ ሰጠው። ማርሻል በዚያ ምርጫ የሲራኪውስ ዩኒቨርሲቲውን ጥቁር ኮከብ ኤርኒ ዴቪስን ጠሩና ወዲያው ለክሊቭላንድ አሳልፈው ቦቢ ሚቸልን ወሰዱ። ዴቪስ በደም ካንሰር ታሞ አንድም ጨዋታ ሳያደርግ በ1963 በ23 ዓመቱ ዐረፈ። ሚቸል በክሊቭላንድ ኳስ ይዞ የሚሮጥ ነበር፤ ዋሽንግተን ቀላቢ አደረገው። በ1962 የመጀመሪያ ዘመኑ 72 ኳስ ቀልቦ በ1,384 ያርድ የሊጉ አንደኛ ሆነ። ዛሬ ከኢትዮጵያውያን የስደት ሰፈሮች ትልቁ በሆነው በዚያ ከተማ፣ አንድ ደጋፊ ትውልድ ቀለም ሳይል እየተቃቀፈ የጨፈረው ለእሱ ነው። ዐይኑን በግድ የተገለጠ ክለብም ቢሆን ያየውን አይቷል።

በግድ ሳይሆን በፈቃዱ ማየት የጀመረው ፒትስበርግ ነበር። የዚህ ታሪክ ባለቤት አሰልጣኝ ወይም ተጫዋች ሳይሆን ጋዜጠኛ ነው። ቢል ነን የሚጽፉት ፒትስበርግ ኩሪየር በተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጣ ላይ ነበር። ኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ይህን ጋዜጣ በሌላ ምክንያት ሊያውቁት ይገባል፤ የጣሊያንን ወረራ ለመዘገብ ጄ. ኤ. ሮጀርስን ወደ ኢትዮጵያ የላከው እሱ ነው። የነን አባት በዚሁ ጋዜጣ በማኔጂንግ ኤዲተርነት ሠርተዋል። ልጁ ደግሞ በደቡብ ግዛቶች ካሉት የጥቁሮች ኮሌጆች የዓመቱን ምርጥ ተጫዋቾች እየመረጡ ያትሙ ነበር። በዘር መድልዎ ምክንያት የጥቁር ልጆች ችሎታ የተከማቸው በእነዚህ ኮሌጆች ሆኖ ሳለ፣ የሊጉ መልማዮች አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ ይሉባቸው ነበር። ነንም የከተማቸው ክለብ ስቲለርስ እነዚህን ኮሌጆች ዞር ብሎ ስለማያይ ቅር ተሰኝተው ነበር። የባለቤቱ ልጅ ዳን ሩኒ ቅሬታውን ሰምተው ሰውየውን በመልማይነት ቀጠሯቸው፤ ጊዜው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ቅር የተሰኘን ደጋፊ ጠርቶ እስቲ አንተ ምረጥ ማለት በአሜሪካ ስፖርት ታሪክ ከተወሰዱት ብልህ ውሳኔዎች አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

በ1974 ድራፍት ዋዜማ በአላባማ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ ጆን ስቶልወርዝ የተባለ ቀላቢ ነበር። የበርካታ ክለቦች መልማዮች ተሰብስበው ሲያስሮጡት ሜዳው ረጥቦ ነበርና ሰዓቱ አላማረም። ሌሎቹ ቀርፋፋ ነው ብለው ጽፈው ሄዱ። ነን ግን አሞኛል ብለው ወደ ኋላ ቀሩና በማግስቱ መሬቱ ሲደርቅ ብቻቸውን እንደገና አስሮጡት ይባላል። የልጁ ጨዋታ የተቀረጸበት ፊልምም ፒትስበርግ ከገባ በኋላ ለሌሎች ክለቦች ቶሎ እንዳልደረሰ ይወራል። የሚከተለው ግን የድራፍት ስልት ምን እንደሆነ ከማንኛውም ትምህርት ይልቅ ያስረዳል። አሰልጣኙ ቸክ ኖል ስቶልወርዝን ወደዱትና በመጀመሪያው ዙር እንውሰደው አሉ። ነን ተቃወሙ፤ ሌሎች ስላላዩት ቆይቶም ይገኛል፣ በመጀመሪያው ዙር ሁሉም የሚያውቀውን ሊን ስዋንን እንውሰድ አሉ። ኖል ተቀበሉ። ስዋን በ21ኛው ተራ ተጠራ፤ በሁለተኛው ዙር ጃክ ላምበርት ተከተለ። የሦስተኛው ዙር ተራቸው በልውውጥ አልፎ ስለነበር ኖል በጭንቀት ጠበቁ። በአራተኛው ዙር፣ በ82ኛው ተራ፣ ስቶልወርዝ እንደተባለው ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸው ነበር።

በአምስተኛው ዙር ማይክ ዌብስተር ተጨመረ፤ ከድራፍቱ በኋላም ነን ማንም ያልመረጠውን ዶኒ ሼልን ከሳውዝ ካሮላይና የጥቁሮች ኮሌጅ አመጡ። አምስቱም የዝነኞች አዳራሽ ገብተዋል። ክለቡ ከዚያ በኋላ በስድስት ዓመት ውስጥ አራት ሱፐር ቦውል ወሰደ። ነን ራሳቸው በ2014 ካረፉ በኋላ፣ በ2021 ስማቸው በዚያው አዳራሽ ተጻፈ።

ሆኖም ከ11 ዓመት በኋላም ቢሆን ዐይን ሁሉ አልተገለጠም ነበር። በ1985 ከትንሿ ሚሲሲፒ ቫሊ ስቴት ኮሌጅ አንድ የግንበኛ ልጅ መጣ፤ አባቱን ሲረዳ ከታች የሚወረወርለትን ጡብ እየቀለበ ነው እጁን ያፈረጠመው። አሰልጣኙ አርቺ ኩሊ ኳስ በመወርወር ላይ ብቻ የተመሠረተ ጨዋታ ስለፈጠሩ ጄሪ ራይስና ወርዋሪው ዊሊ ቶተን የኮሌጅ መዝገቦችን ሰባበሩ። መልማዮቹ ግን ሁለት ነገር አጉረመረሙ፤ ተጋጣሚዎቹ ደካሞች ናቸው፣ እሱም የ40 ያርድ ሰዓቱ ለቀላቢ ዘገምተኛ ነው። ኒው ዮርክ ጄትስ በ10ኛው ተራ አል ቱንን፣ ሲንሲናቲ በ13ኛው ኤዲ ብራውንን ወሰዱ። የሳን ፍራንሲስኮው አሰልጣኝ ቢል ዎልሽ ሻምፒዮን ስለነበሩ ተራቸው 28ኛ ነበር። ከኒው ኢንግላንድ ጋር ተለዋውጠው ወደ 16ኛ ወጡና ራይስን ጠሩ፤ 17ኛ የነበረው ዳላስ ዐይኑን በራይስ ላይ ጥሎ ነበር ይባላል። ኤዲ ብራውን መጥፎ ምርጫ አልነበረም፤ በዚያ ዓመት የምርጥ አዲስ አጥቂነት ሽልማት የወሰደው እሱ ነው። ራይስ ግን 1,549 ኳስ ቀልቦ፣ 22,895 ያርድ ሄዶ ጨረሰ። ሰዓት የሚይዘው መሣሪያ የቀጥታ ሩጫን ይለካል እንጂ፣ በ20ኛው ዓመት እንደ መጀመሪያው ቀን የሚሮጥን ሰው አይለካም።

ራይስ በመጣበት ዘመን ጨዋታውም ደጋፊውም ተለውጦ ነበር። በ1978 በወጣ ደንብ ተከላካይ ከአምስት ያርድ በኋላ ቀላቢውን እንዳይገፋና እንዳይዝ ተከለከለ፤ ከዚያ በኋላ የቀላቢ ዋጋ ከዓመት ዓመት ናረ። በ1980 ደግሞ ኢኤስፒኤን የተባለው ገና አንድ ዓመት ያልሞላው የስፖርት ቴሌቪዥን ድራፍቱን በቀጥታ ላስተላልፍ ብሎ ጠየቀ። የሊጉ ኮሚሽነር ፒት ሮዜል ስም ሲጠራ ማን ቁጭ ብሎ ያያል ብለው ቢገረሙም ፈቀዱ። ሕዝቡ ቁጭ ብሎ አየ። ቀጥሎም ራሱ መጣ፤ በኒው ዮርክ አዳራሽ ሰገነት ላይ እየተሰበሰበ የራሱን ክለብ ምርጫ በጭብጨባ ወይም በጩኸት ይፈርድ ጀመር። በ1999 የፊላዴልፊያ ደጋፊዎች በአውቶቡስ ተጭነው ሄደው ሯጩን ሪኪ ዊሊያምስን አምጡልን ሲሉ፣ ክለባቸው ወርዋሪውን ዶኖቫን ማክናብን ጠራ። ልጁ ደስታውን ይዞ ወደ መድረክ ሲወጣ የራሱ ከተማ ሰዎች ጮኹበት። ያው ማክናብ ከስድስት ዓመት በኋላ ክለቡን ለሱፐር ቦውል አደረሰ። እዚህ ላይ ደጋፊው ተሳስቷል። ፊላዴልፊያ በ2020 በ21ኛው ተራ ጄለን ሬገርን ጠርታ ቀጥላ ለነበረችው ሚኒሶታ ጀስቲን ጀፈርሰንን ስትተውላት ግን ደጋፊው ትክክል ነበር፤ ጀፈርሰን በመጀመሪያ ዓመቱ 1,400 ያርድ ሄደ።

ስልቱ በቁጥር ይገዛ ዘንድም ተሞክሯል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዳላስ የእያንዳንዱን ተራ ዋጋ በነጥብ አስልቶ ሠንጠረዥ አወጣ፤ የመጀመሪያው ተራ 3,000 ነጥብ ነበር። ሌሎች ክለቦችም ተከተሉት። ኬድ ማሲና በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሪቻርድ ቴለር ባደረጉት ጥናት ግን ክለቦች ወደ ላይ ለመውጣት የሚከፍሉት ዋጋ ከሚያገኙት ጥቅም እንደሚበልጥ አሳዩ፤ ሰው በራሱ ዐይን ከሚገባው በላይ ይተማመናልና። አትላንታ በ2011 ቀላቢውን ጁሊዮ ጆንስን ለማግኘት ከ27ኛ ወደ ስድስተኛ ለመውጣት አምስት ምርጫዎች ለክሊቭላንድ ሰጠች። ጆንስ በ2015 ብቻ 1,871 ያርድ ሄደ። በ2016 የውድድር ዘመን ሱፐር ቦውል ላይ ክለቡ 28 ለ 3 ሲመራ ቆይቶ 34 ለ 28 ተሸነፈ። የአትላንታ ደጋፊ ያ ልውውጥ ያዋጣ ነበር ወይስ አላዋጣም ተብሎ ሲጠየቅ ዛሬም መልሱ እንደ ተጠያቂው ነው።

ይህ ሁሉ ክርክር ተጠራቅሞ እንደ ቁስል የተመገለው በዲትሮይት ነው። ላየንስ ለመጨረሻ ጊዜ ዋንጫ ያነሣው በ1957 ሲሆን፣ ያኔ ከተማዋ የአሜሪካ የመኪና መናኸሪያ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካው እየተዘጋ፣ ሕዝቡ እየፈለሰ ሲሄድ የፎርድ ቤተሰብ ክለብ የሆነው ላየንስም አብሮ ወረደ። በ2001 ማት ሚለን ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሚለን በተጫዋችነት ዘመናቸው አራት ሱፐር ቦውል የወሰዱ፣ በቴሌቪዥን ተንታኝነት የሚደመጡ ሰው ነበሩ፤ ክለብ አስተዳድረው ግን አያውቁም ነበር። በ2003 በሁለተኛው ተራ የሚሺጋን ተወላጅ የሆነውን ቀላቢ ቻርልስ ሮጀርስን መረጡ። በመጀመሪያው ጨዋታ ሁለት ታችዳውን አስቆጠረ፤ ነገር ግን በዚያው ዓመትና በቀጣዩ ከአንገቱ ሥር ያለው አጥንት ተሰበረ። በጠቅላላው 36 ኳስ ብቻ ቀልቦ ከሊጉ ወጣ። ከእሱ ቀጥሎ በሦስተኛው ተራ በሂውስተን የተጠራው ቀላቢ አንድሬ ጆንሰን በ2024 የዝነኞች አዳራሽ ገብቷል። በ2004 በሰባተኛው ተራ ሌላ ቀላቢ፣ ሮይ ዊሊያምስ፣ መጣ። በ2005 በአሥረኛው ተራ ሦስተኛ ቀላቢ፣ ማይክ ዊሊያምስ፣ ተጠራ።

ለሦስት ዓመት በተከታታይ የመጀመሪያ ዙር ምርጫን በቀላቢ ላይ ማዋል ደጋፊውን አሳበደው። ሙግቱ እንዲህ ነበር፤ ግድግዳ ሳይቆም ጣሪያ ይሠራል ወይ? ኳሷን የሚወረውር አስተማማኝ ሰው በሌለበት፣ ለወርዋሪውም ጋሻ የሚሆኑ ግዙፎች ባልተሟሉበት፣ ሦስት ቀላቢ ማንን ሊቀልብ ነው? ማይክ ዊሊያምስ በሁለት ዓመት 37 ኳስ ቀልቦ ተሰናበተ፤ ከእሱ በኋላ በ11ኛው ተራ ዳላስ የወሰደው ተከላካይ ዲማርከስ ዌር ደግሞ የትውልዱ ታላቅ ሆነ። በዲሴምበር 18 ቀን 2005፣ ከሲንሲናቲ ጋር በተደረገው ጨዋታ ዕለት፣ የዲትሮይት ደጋፊዎች ፎርድ ፊልድ በተባለው ስታዲየም ዙሪያ ሰልፍ ወጡ። የክለባቸውን ሰማያዊ ትተው የእንግዳውን ክለብ ብርቱካንማ ቀለም ለብሰው ገቡ። «ሚለን ይባረር» የሚለው ጩኸት ከፉትቦል አልፎ ወደ ቅርጫት ኳስ አዳራሽ ተዛመተ። በየፋብሪካው በር ሥራ አስኪያጅ ሠራተኛን ሲያሰናብት ማየት የለመደ ሕዝብ፣ ለአንዴ እንኳ አሰናባች ለመሆን መፈለጉ ነበር። ሰሚ ግን አላገኘም። ሚለን የተሰናበቱት በሴፕቴምበር 2008 ነው፤ ላየንስ በዚያ ዓመት 16 ጊዜ ተጫውቶ 16 ጊዜ ተሸነፈ።

ነገሩን የሚያወሳስበው በመካከሉ የተደረገ አንድ ምርጫ ነው። ሚለን በ2007 በሁለተኛው ተራ እንደገና ቀላቢ ጠሩ። ከተማዋ አቃሰተች። የተጠራው ግን ካልቪን ጆንሰን ነበር፤ በ2012 በአንድ የውድድር ዘመን 1,964 ያርድ ሄዶ የራይስን መዝገብ የሰበረ፣ በ2021 የዝነኞች አዳራሽ የገባ። ስለ ቀላቢዎች ሲታሙ የኖሩት ሰው በመጨረሻ የጠሩት ቀላቢ ከሁሉም በለጠ። ደጋፊውም አልተረታም፤ ጆንሰን ዘጠኝ ዓመት ተጫውቶ በ2016 ሲሰናበት ክለቡ በእሱ ዘመን አንድም የጥሎ ማለፍ ጨዋታ አላሸነፈም ነበር። ዐይኑ ትክክል፣ ስልቱ ስሕተት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

በ2021 አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ብራድ ሆምስ የመጀመሪያ ድራፍታቸውን ሲያደርጉ ሁለት ዝነኛ ቀላቢዎች በአምስተኛውና በስድስተኛው ተራ ተወስደው ነበር፤ ሌላው ዝነኛ ዴቮንታ ስሚዝ ግን ገና አልተጠራም። ሆምስ በሰባተኛው ተራ ፔኒ ሱወል የተባለ ግዙፍ የግንባር ተጫዋች ጠሩ። በሁለተኛው ዙር ሌላ የግንባር ተጫዋች፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። በአራተኛው ዙር፣ በ112ኛው ተራ፣ አሞን-ራ ሴንት ብራውን የተባለ ቀላቢ ወሰዱ። ቁመቱ መካከለኛ ነው፣ ሰዓቱም አያስደንቅም ተብሎ 16 ቀላቢዎች ቀድመውት ተጠርተው ነበር።

በጃንዋሪ 2024 ዲትሮይት ከሎስ አንጀለስ ራምስ ጋር በፎርድ ፊልድ ተገናኘ። ክለቡ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ካሸነፈ 32 ዓመት ሆኖት ነበር። ውጤቱ 24 ለ 23 ሆኖ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ኳሷ ለሴንት ብራውን ተወረወረች፤ ቀልቦ 11 ያርድ ሄደ፣ ሰዓቱም አለቀ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ድራፍቱ ራሱ ወደ ዲትሮይት መጣ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ከ775,000 በላይ ሰው ወደ አደባባይ እንደወጣ ሊጉ አስታወቀ። ሴንት ብራውን ከእሱ በፊት የተጠሩትን 16 ቀላቢዎች ስም በቃሉ ይዟል፤ ጠያቂ ባገኘ ቁጥርም በተራቸው ይዘረዝራቸዋል።